ከሃሪ ፖተር በኋላ የትኛውን እናንብብ? አራት የወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለዶች ሲነጻጸሩ

ሰባቱን የሃሪ ፖተር ቅጾች ጨርሶ ያስቀመጠ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እንደዚህ ያለ ሌላ አለ?» አዎ፣ ሞልቷል። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1997 እንግሊዝ አገር ከታተመ ወዲህ፣ ድብቅ ኃይል እንዳላቸው በድንገት የሚደርሱበት ልጆች የመጻሕፍት መደብሮችን መደርደሪያ አጣበውታል። አስቸጋሪው መምረጡ ነው። የጀርባ ሽፋናቸውን ካመንን ሁሉም «ሃሪ ፖተርን የወደደ ይህንንም ይወዳል» የሚሉ ናቸው፤ ይህ ቃል ለአንዱ እውነት ሆኖ ለሌላው ባዶ ተስፋ ይሆናል። ከውጭ የሚገባ መጽሐፍ ደግሞ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ከመግዛት በፊት ማሰብ ይገባል።

እኔ የማምነው «የሚመስል» ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት የመጀመሪያውን ለምን እንደወደድነው መለየት እንዳለብን ነው። አንዱ የወደደው ትምህርት ቤቱን ነው፦ ግንቡን፣ መምህራኑን፣ ፈተናውን፣ የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት የሚሰማውን ጉጉት። ሌላው የወደደው ጓደኝነቱን ነው፤ ሃሪ፣ ሮንና ሄርማየኒ ተኳርፈው ሲታረቁ ማየት ከአስማቱ ይልቅ ይስበዋል። የሦስተኛው ልብ የቀረው ለንደን ከተማ ውስጥ፣ ተራው ሰው ሳያየው በሚያልፈው ግድግዳ ጀርባ ሌላ ገበያ፣ ሌላ ባንክ፣ ሌላ ሕግ መኖሩ ላይ ነው። ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ጓዳ የሚተኛ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ልጅ ለታላቅ ነገር የታጨ ሆኖ መገኘቱ የማረከውም አለ። እነዚህ የተለያዩ ጥማቶች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ሁሉንም አያረካም።

«ይህማ ከዚያ የተቀዳ ነው» ብሎ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢም አለ። ብዙ ደስታ ያመልጠዋል። ተረት ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን፤ ጦጣ እንደምታመልጥ፣ ጅብ እንደሚሞኝ አስቀድመን እያወቅን አያቶቻችንን «ድገሙልን» ስንል ኖረናል። የታወቀውን በአዲስ አንደበት መስማት የራሱ ጣዕም አለው። ሃሪ ፖተርም ከባዶ አልተነሣም። እንግሊዞች የአዳሪ ትምህርት ቤት ሕይወትን የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ለልጆቻቸው መጻፍ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ በዘመዶቹ ቤት የሚንገላታ የሙት ልጅም የቆየ ገጸ ባሕርይ ነው። የአስማተኞችን ትምህርት ቤት ደግሞ አሁን የማነሣት አሜሪካዊት ደራሲ 29 ዓመት ቀድማ ጽፋዋለች። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ደራሲው የተዋሰውን ይዞ ወዴት ሄደ የሚለው ነው።

ትምህርት ቤቱን ለወደደ፦ «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ»

ኡርሱላ ለ ጉዊን ይህን መጽሐፍ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አንድ አሳታሚ ለወጣቶች የሚሆን ነገር እንድትጽፍ ሲጠይቃት፣ በየተረቱ ጢማቸው ነጭ ሆኖ የምናገኛቸው አስማተኞች ልጅ ሳሉ ምን ይመስሉ ነበር፣ ጥበባቸውንስ የት ተማሩት ብላ አሰበች። መልሷ ጌድ የሚባል ልጅ ሆነ። ጌድ ጎንት በተባለች ተራራማ ደሴት እናቱ ሞታበት ፍየል ሲጠብቅ ያድጋል። አንድ ቀን አክስቱ ፍየል ስትጠራበት የሰማውን ቃል ሜዳ ላይ ይሞክረዋል፤ ፍየሎቹ ሁሉ መጥተው ይከቡታል፣ ተጠጋግተውም አላላውስ ይሉታል። ልጁ ኃይል እንዳለው የሚታወቀው በዚህ ነው። በኋላ ሮክ በምትባል ደሴት ወዳለው የአስማተኞች ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ለየትምህርቱ መምህር አለ፤ ጃስፐር የሚባል፣ ከላይ ወደ ታች የሚያየው የጌታ ልጅ አለ፤ ቬች የሚባል ታማኝ ጓደኛ አለ። የሃሪ ፖተር አንባቢ እቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሃሪ ጠላት ከውጭ ይመጣል። ጌድ ግን ጠላቱን የሚጠራው በገዛ አፉ ነው። ከጃስፐር ጋር ተፎካክሮ፣ ከሞተች ዘመናት ያለፏትን ሴት መንፈስ ለማስነሣት ሲሞክር ጥላ የመሰለ አንድ ነገር ወደ ዓለም ሾልኮ ይገባል፤ የትምህርት ቤቱ አለቃ የተከፈተውን ቀዳዳ ሲደፍን ሕይወቱን ይከፍላል። የቀረው ታሪክ ጌድ ከዚያ ጥላ መሸሹ፣ ቆይቶም ፊቱን መልሶ እሱን ማሳደዱ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምንቆየው ለጥቂት ምዕራፎች ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የዓመት ዓመት ትምህርት፣ ግጥሚያና የመመገቢያ አዳራሽ ወሬ የሚጠብቅ ልጅ ያዝናል።

መጽሐፉን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እንድወደው ያደረገኝ አንድ ትንሽ ቦታ አለ። ጌድ ጠጠርን አልማዝ አስመስሎ ማሳየት ይማራል፤ ጠጠሯ የምትለወጠው ግን ለዓይን ብቻ ነው። በእውነት አልማዝ ማድረግ አይቻልም ወይ ብሎ መምህሩን ይጠይቃል። መምህሩ ጠጠሯን በእውነተኛ ስሟ «ቶልክ» ብሎ ይጠራትና፣ እንደሚቻል ይነግረዋል፤ ነገር ግን አንዲት ጠጠርን በእውነት መለወጥ ዓለምን መለወጥ ነው፣ ምን መልካም ምን ክፉ እንደሚከተለው ሳያውቁ አይነኩትም ይለዋል። ጠጠርም በራሷ መልካም ነገር እንደሆነች ያስታውሰዋል። በሃሪ ትምህርት ቤት በሆግዋርትስ ውስጥ አስማት የሚከብደው እስኪለመድ ነው፤ እዚህ የሚከብደው ችሎ መተው ነው። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላው፣ አቅሙ ከማስተዋሉ ቀድሞ ለሚሮጥ ልጅ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም።

የለ ጉዊን አስማት የሚሠራው በስም ነው። የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ሥልጣን ያገኝበታል፤ ስለዚህ ሰዎች እውነተኛ ስማቸውን ከሚያምኑት ወዳጅ በቀር ለማንም አይነግሩም፣ ጌድም በአደባባይ የሚጠራው «ስፓሮውሆክ» እየተባለ ነው። የክርስትና ስሙ እንዳይደገምበት ተደብቆ፣ በመጠሪያ ስሙ ብቻ እየታወቀ ያደገ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው መምህር ኦጊዮንም እንግዳ አይሆንበትም። ጌድ ጫካ ለጫካ ተከትሎት ሲዞር ይቆይና ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር ይጠይቀዋል፤ ኦጊዮን ተጀምሯል ብሎ ይመልስለታል። በየኔታ እግር ሥር እየተላላከ የተማረ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል።

ጉድለቱን መደበቅ አያስፈልግም። ሳቅ የሚያስቅ ነገር እምብዛም የለውም፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ትረካው እንደ ጥንት ገድል ከፍ ያለ ነው። መጽሐፉ ቀጭን ቢሆንም ዓረፍተ ነገሮቹ ቀስ ተብለው እንዲነበቡ ይጠይቃሉ። ሮክ ሴት ተማሪዎችን አይቀበልም፤ በመጀመሪያው ቅጽ ሴቶች ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው። ልጃገረድ አንባቢ ይህ ቅር ካሰኛት ሁለተኛውን ቅጽ «ዘ ቱምስ ኦፍ አቱዋን» ትያዝ፤ ባለታሪኳ ቴናር የምትባል፣ በልጅነቷ ከወላጆቿ ተወስዳ በጨለማ መቃብሮች ላይ ካህን የተደረገች ልጅ ናት፤ ለብቻው ቢነበብም ይገባል። ሌላ መነሣት ያለበት ነገር የጌድ ቆዳ ቡናማ፣ የቬች ደግሞ ጥቁር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ጌድን ነጭ አድርጎ ሲያቀርበው ለ ጉዊን በይፋ ተቃውማለች። ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን መገመት አይገባም።

ሳቁንና ሩጫውን ለወደደ፦ «ፐርሲ ጃክሰን»

ሪክ ሪዮርዳን ቴክሳስ ውስጥ መምህር ነበር። ትኩረት ማድረግና ማንበብ ለሚቸግረው ልጁ የግሪክ አፈ ታሪኮችን ማታ ማታ ይተርክለት ነበር፤ ታሪኮቹ ሲያልቁ ልጁ ተጨማሪ ስለጠየቀው አዲስ ፈጠረ። «ዘ ላይትኒንግ ቲፍ» የተሰኘው የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። የ12 ዓመቱ ፐርሲ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲባረር የኖረ፣ ፊደላት እየተገለባበጡ የሚያስቸግሩት ልጅ ነው። በኋላ እንደምንረዳው አባቱ ከግሪክ አማልክት አንዱ ነው፤ ፊደላቱ የሚገለባበጡበት አእምሮው ለጥንታዊ ግሪክኛ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ተቀምጦ አለመርጋቱም ለጦር ሜዳ የተሰጠው ንቃት ነው። በትምህርቱ «ሰነፍ» ተብሎ የተሰደበ ልጅ ይህን ሲያነብ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ወላጆች ቢያዩት እወዳለሁ።

ከሃሪ ፖተር ጋር መመሳሰሉ ግልጽ ነው፦ ሁለት ወንድና አንዲት ብልህ ሴት ጓደኛሞች፣ አስመራሪ አሳዳጊ፣ ልዩ ልጆች የሚሰባሰቡበት ቦታ፣ በየዓመቱ አንድ አደጋ። ቦታው ግን ግንብ ሳይሆን ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ያለ የበጋ ካምፕ ነው፤ የአማልክቱ መኖሪያ ኦሊምፐስ ደግሞ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ 600ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሃሪ ፖተር ደራሲ ከሮውሊንግ ሥራ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ፐርሲ ታሪኩን ራሱ ይተርካል፣ ይቀልዳል፣ አይንዛዛም። ልጆቹ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ ሜዱሳን የአትክልት ሐውልት ሻጭ ሆና ያገኟታል፤ ሐውልቶቹ ምን እንደነበሩ የግሪክ ተረት የሚያውቅ ልጅ ከፐርሲ ቀድሞ ይደርስበታል፣ ያ ደስታ ራሱ ለመጽሐፉ በቂ ምክንያት ነው። እናቱ ፐርሲን የሰየመችው በጥንቱ ጀግና በፐርስየስ ነው። ያ ፐርስየስ ከባሕር አውሬ አድኖ ያገባት አንድሮሜዳ፣ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ብለው በሚጠሩት አገር ንጉሥ የነበረው የሴፌውስ ልጅ ናት። በሁለተኛው ቅጽ ስሟ በመርከብ ላይ ተጽፎ ሲያገኘው ልጁ ማን እንደነበረች ቢያውቅ መልካም ነው።

ጥልቀቱን ግን ከኧርዝሲ ጋር አላወዳድረውም። የአሜሪካ ቴሌቪዥንና ምግብ ላይ የተመሠረቱ ቀልዶቹ አንዳንድ ጊዜ ለእኛ ልጆች ያመልጣሉ። ነገር ግን ማንበብ ለሚጠላ ልጅ፣ ወይም እንግሊዝኛው ገና ላልጠናለት፣ የምመርጠው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ለሞላው ይሆናል።

ድብቁን ዓለም ለወደደ፦ «አካታ ዊች»

ንኔዲ ኦኮራፎር ከናይጄሪያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደች ደራሲ ናት፤ ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተመችው። ባለታሪኳ ሰኒ 12 ዓመቷ ነው። ኒውዮርክ ተወልዳ ናይጄሪያ ውስጥ አባ በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ አልቢኖ ስለሆነች ፀሐይ ያቃጥላታል፣ የምትወደውን እግር ኳስ የምትጫወተው ሲመሽ ነው። እዚያ ላሉት አሜሪካዊት ናት፣ ለአሜሪካኖች ናይጄሪያዊት ናት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ ለእረፍት አገር ቤት ሲመጣ «ፈረንጁ» የሚባል ልጅ የሰኒን ብስጭት ያውቀዋል። ጓደኛዋ ሳሻ ደግሞ ቺካጎ ሲያስቸግር ወላጆቹ «አገር ቤት ሄዶ አደብ ይግዛ» ብለው የላኩት ልጅ ነው፤ ይህንንም በብዙ ቤት እናውቀዋለን።

አስማተኞቹ «የነብር ሰዎች» ይባላሉ፤ ተራው ሰው «በግ» ነው። የራሳቸው ገበያ፣ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት፣ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ወደ ገበያው የሚገባው ወንዝ ላይ በተዘረጋ ቀጭን ድልድይ ነው፣ ከሥሩ አውሬ አድፍጧል። እስካሁን ያለው የለንደኑን ድብቅ ገበያ ያስታውሳል። ገንዘባቸው ግን ከማንኛውም መጽሐፍ የተለየ ነው። «ቺቲም» የሚባለው ብረት የሚገኘው አንድ ሰው አንድ ነገር ሲማር ነው፤ አዲስ ነገር በገባህ ቅጽበት ከሰማይ እግርህ ሥር ኪሊል ብሎ ይወድቃል። ከሁሉ የሚበልጠው መዳቡ ነው፤ ወርቁ ከሁሉ ያንሳል። ስለዚህ በዚያ ማኅበረሰብ ባለጠጋ ማለት ብዙ የተማረ ማለት ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲከራከሩ፣ አንዱ ሲገባው፣ ሳንቲሙ ሲወድቅ ያለው ደስታ ገጹን ያሞቀዋል።

እዚህም እንደ ፐርሲ ጃክሰን ጉድለት የሚባለው ነገር የችሎታ ምንጭ ነው፤ ኦርሉ የሚባለው ጓደኛቸው ማንበብ ይቸግረዋል፣ ስጦታው ግን የሌሎችን ድግምት መፍታት ነው። ነገር ግን ኦኮራፎር ከሪዮርዳን ይልቅ ትጨክናለች። ሕፃናትን እየጠለፈ የሚገድል ሰው አለ፤ አዋቂዎቹ ሰኒንና ሦስት ጓደኞቿን የሚልኩበት ሊሞቱ እንደሚችሉ ፊት ለፊት ነግረዋቸው ነው። ሆግዋርትስ ውስጥ አዋቂዎች አደጋውን ከልጆች ሲደብቁ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ እዚህ ማንም አይደብቅም፣ ማንም አያባብልም። ይህ ጠንከር ያለ ነው፣ ግን እውነት አለው። አዳሪ ትምህርት ቤት የለም፤ ልጆቹ ቀን ተራ ትምህርት ቤታቸውን ይማራሉ፣ ጥበቡን ደግሞ በየመምህራኑ እየተመሩ ይማሩታል። ደካማ ጎኑ መጨረሻው ነው፤ ብዙ ዝግጅት የተደረገለት ፍልሚያ በጥቂት ገጾች ይጠናቀቃል። ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በታች ላለ አልሰጠውም።

ገዢ ልብ ይበል፦ ይኸው መጽሐፍ ናይጄሪያና እንግሊዝ ውስጥ «ዋት ሰኒ ሶው ኢን ዘ ፍሌምስ» በሚል ርእስ ታትሟል። ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት መስሏችሁ ሁለቴ እንዳትገዙ።

ዘንዶ ለሚፈልግ፦ «ኤራጎን»

ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ መጻፍ የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው፤ ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2002 ራሱ አሳተመለት፣ በማግሥቱ ዓመት ትልቅ አሳታሚ ወሰደው። የገበሬ ቤት ልጅ ጫካ ውስጥ ሰማያዊ ድንጋይ ያገኛል፣ ድንጋዩ የዘንዶ እንቁላል ሆኖ ይገኛል፣ አጎቱ ይገደላል፣ አንድ ሽማግሌ ያስተምረዋል። ፊልም የሚያይ ሰው ይህን የታሪክ አጥንት «ስታር ዋርስ» ከተሰኘው የጠፈር ጦርነት ፊልም ያውቀዋል፤ የነገሮች እውነተኛ ስም ኃይል እንዳለው የሚለው ደግሞ ከለ ጉዊን መንገድ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ መግለጫው ይበዛል፣ የወጣት እጅ እንደሆነ ይታያል። ሳፊራ የምትባለው ዘንዶና ልጁ በሐሳብ የሚነጋገሩባቸው ቦታዎች ግን ሞቅ ያሉ ናቸው። የሃሪ ፖተርን ትምህርት ቤት ሳይሆን ርዝመቱን፣ ለሳምንታት ከአንድ ዓለም አለመውጣቱን የናፈቀ ልጅ ይህን ይያዝ። ራሱ መጻፍ ለሚሞክር ታዳጊ ደግሞ የእኩያው ሥራ መሆኑ ያበረታዋል።

ለወላጆች

አስማት የሚለው ቃል በብዙ ቤት፣ በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም በሙስሊሙም፣ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄው መናቅ የለበትም። አራቱ መጻሕፍት በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ኧርዝሲ ውስጥ አስማት ዋጋ ያስከፍላል፣ ትዕቢትን ይቀጣል። ፐርሲ ጃክሰን የግሪክ አማልክትን በሕይወት እንዳሉ አድርጎ ያቀርባል፤ ቀልዱ ግን ማንም እንዲያመልካቸው እንደማይጋብዝ በግልጽ ያሳያል። አካታ ዊች ከምዕራብ አፍሪካ እምነት በቀጥታ ስለሚቀዳ መናፍስት በብዛት ይታዩበታል፤ ለጥያቄ የሚያስቸግረው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ከልጁ ቀድሞ ማንበብና ከዚያ አብሮ መነጋገር ሳያነቡ ከመከልከል ይሻላል። ልጁ ጥያቄውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል።

በእንግሊዝኛው ክብደት ከቀላሉ ወደ ከባዱ ብንሄድ ፐርሲ ጃክሰን፣ አካታ ዊች፣ ኤራጎን፣ ኧርዝሲ ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ። አካታ ዊች ውስጥ የኢግቦ ቃላት ቢኖሩም ከአገባባቸው ይገባሉ። ለአንድ ልጅ አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነና ልጁ ማንበብ የሚወድ ከሆነ ኧርዝሲን ግዙለት፤ ካልለመደ ፐርሲ ጃክሰንን።

ተከታታዮቹን በተመለከተ የፐርሲ ጃክሰን የመጀመሪያዎቹ አምስት ቅጾች እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋጨ አንድ ሙሉ ታሪክ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን መግዛት ግዴታ አይደለም። ኤራጎን አራት ቅጽ ሆኖ በ2011 ተደምድሟል፣ የመጀመሪያው ብቻውን ታሪኩን አይዘጋም። አካታ ዊች ሁለት ተከታዮች አሉት፣ በ2017 እና በ2022 የወጡ፤ የመጀመሪያው ግን ብቻውን ይበቃል። ኧርዝሲ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች በተከታታይ አንብቡ። አራተኛው «ተሃኑ» በ1990 የወጣ፣ ስለ ጎለመሰች ሴትና በእሳት ስለተጎዳች ሕፃን የሚተርክ፣ ለአዋቂ የሚመች መጽሐፍ ነው፤ ልጁ 16 ወይም 17 እስኪሞላው ይቆይለት።